እምቢ የማይል በር

አንድ የእድር ዳኛ ነበረ። ድንኳን በመትከል ሰባት ቀበሌ የሚያውቀው፣ ድንኳኑን ግን በዓይኑ ያላየ።

አትሳቂ፣ ትርሲት። ገና አልጀመርኩም፤ ስጀምረውም የሚያስቅ አይደለም። ይህን ነገር ማንሣት አልወድም። ዛሬ ያነሣሁት አንቺ ስለጠየቅሽኝ ብቻ ነው።

የጠየቅሽኝን መጀመሪያ ልድገመው፣ አያ ቢምረው አልገባውም እንዳትዪ። የጤና ጣቢያው የሕፃናት ክትባት ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ሊገባ ነው፤ ፕሮግራሙን የጻፍሽው አንቺ ነሽ። ፕሮግራምሽ የእያንዳንዱን ሕፃን ካርድ ፋይል አድርጎ ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፣ እናት ልጇን አዝላ ስትመጣ ደግሞ ያወጣል። ታዲያ ሥራሽን ስትፈትኚ እውነተኛው ዲስክ ይዘገያል፣ ያስቸግራል ብለሽ በሱ ቦታ የውሸት ዲስክ አቆምሽ። ሞክ እንለዋለን አልሽኝ። ፕሮግራሙ «አስቀምጥ» ሲለው «አስቀምጫለሁ» ይላል፣ አንዲት ፊደል ሳያስቀምጥ። «አምጣ» ሲለው አንቺ አስቀድመሽ ጆሮው ላይ ያንሾካሾክሽለትን ያመጣል። በዚህ ዓይነት አራት መቶ አሥራ ሁለት ፈተና በሁለት ሰከንድ አለፈ፣ ሁሉም አረንጓዴ። አለቃሽ ሰኞ አስረክቢ ብሎሻል። አንቺ ግን በሁለት መኪና ተሳፍረሽ እዚህ ድረስ መጥተሽ፣ «አያ፣ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ለምን እፈራለሁ? ምን ቀረኝ?» አልሽኝ።

የፈራሽው ሆድሽ ከአለቃሽ የተሻለ ስላወቀ ነው። አሁን ስሚ።

ዳኛው ሀብታም ገበሬ ነበር። ሲናገር በሬ የሚያስደነግጥ፣ ሲራመድ መንገዱ ጠበበኝ የሚል ሰው ነው። በዚህ ምድር የሚፈራው አንድ ፍጡር ብቻ ነበር፤ እሳቸውም የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ የያዙት መነኩሲት ናቸው። ዕቃ ቤቱ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጥግ ያለች ቆርቆሮ የለበሰች የጭቃ ቤት ናት። ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ድስቱም እዚያ ነው። እማሆይ ቁልፉን ከመስቀላቸው ጋር በአንድ ክር አንገታቸው ላይ አስረውታል። ድስት ሳያጥብ የመለሰ ሰው እሳቸው ፊት ከሚቆም ወንዝ ሲሞላ ቢሻገር ይመርጣል። ምላሳቸውን ሰምቶ ሦስት ቀን እህል ያልቀመሰ ሰው አውቃለሁ። አንዱ እንዲያውም አገር ጥሎ ሄዷል፤ እሱ እንኳ ሌላም ምክንያት ሳይኖረው አይቀርም።

ዳኛው የተመረጠ ዕለት ሕዝብ ፊት ቆሞ ቃል ገባ። «በእኔ ጊዜ ጥሩንባው ሦስት ጊዜ ሳይነፋ ድንኳን ይቆማል» አለ። ደስ ይላል፣ ማን ይጠላል? ለቅሶ ቤት ድንኳን ሲዘገይ ሐዘንተኛው ፀሐይና ዝናብ ላይ ይንገላታል። አሥራ አራት ጎረምሶች መረጠ። በጥር ወር በመጀመሪያው እሑድ ልምምድ እንጀምር ብሎ፣ አሥራ አራቱን አስከትሎ ዕቃ ቤቱ ደጃፍ ሄደና ድንኳኑን ጠየቀ።

እማሆይ ቁጭ እንዳሉ ቀና ብለው አዩት። ባለፈው ጥቅምት በዶፍ የተነሣውን ድንኳን እርጥቡን ጠቅልላችሁ ወርውራችሁብኝ ሄዳችኋል፣ ልምምዱ ይቆይና መጀመሪያ አውጥታችሁ ፀሐይ አስመቱት አሉት። በአሥራ አራት ሰው ፊት! ዳኛው ፊቱ በርበሬ መሰለ። ዞሮ ሄደ፤ አሥራ አራቱም ተከትለውት ሄዱ። አንዳቸው እንኳ ወደ ኋላ ቀርቶ ያን ድንኳን ለማውጣት እጁን አልሰደደም።

መንገድ ላይ ዳኛው ብልሃት መጣለት። ልምምድ ማለት እግር ማፍጠን ነው፣ ለዚህ ዕቃ ቤቱ ምን ያደርጋል አለ። ወደ አውድማው ወረዱ። ከአንድ ቤት አመድ አስመጣና ምድሩ ላይ በአራት ማዕዘን በትኖ፣ «ይኸው ዕቃ ቤቱ» አለ። ሁለት ጋቢ ጎን ለጎን አሰፋና «ይኸው ድንኳኑ» አለ። በሩ በሚሆንበት ቦታ ደግሞ አንድ ሰው አቆመ። በሩ የሚናገረው አንድ ቃል ተሰጠው። «ክፈት» ሲሉት «እሺ» ይላል፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፣ አበቃ።

በር የሆነው ሰው የመንደሩ ቀልደኛ ነበር። እኔ ነኝ አላልኩም። ቁመቱ፣ አፍንጫው፣ ከፊት የጎደለው ጥርሱ እኔን ይመስል ነበር ይላሉ፤ ከዚያ ያለፈውን አላውቅም።

ልምምዱ ተጀመረ። ጥሩንባ ነፊው ይነፋል፣ አሥራ አራቱ ከያሉበት ይሮጣሉ፣ «ክፈት» ይላሉ፣ በሩ «እሺ» ይላል፣ ጋቢው ተዘርግቶ፣ አራት ሸንበቆ ቆሞ፣ ሁለተኛው ጥሩንባ ሳያልቅ ድንኳን ይሆናል። መጀመሪያ ሰሞን እንዲህ ነበር። በኋላማ ጥሩንባ ነፊው አፉን ሲያሾል ብቻ አይተው ይተክሉ ጀመር። ዳኛው ቢያስነጥስ ድንኳን ይቆማል። አንድ ቀን አህያ ብትጮህ ሁለት ድንኳን ቆሞ ተገኘ። የተሳካ ልምምድ ባለቀ ቁጥር ዳኛው ከአሥራ አራቱ አንዱን የወይራ ቅርንጫፍ አስዘንጥፎ የአውድማው አጥር ላይ ይሰካል። አረንጓዴ ሲበዛ ልቡ ይሞላል። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሰው አጥሩን ሊቆጥር ይመጣ ነበር። የጎረቤት ፍየሎችም ይመጣሉ፤ እነሱ እንኳ የሚበላ ነገር ስላገኙ አልፈርድባቸውም።

አንድ እሑድ ታዲያ ያ ቀልደኛ አንድ ቃል ማለት ሰለቸው። ጥሩንባው ተነፋ፣ አሥራ አራቱ እያለከለኩ ደረሱ፣ «ክፈት» አሉት።

«ቁልፉ የለም። እማሆይ ሱባኤ ገብተዋል» አላቸው።

አሥራ አራት ሰው ቀጥ አለ። አንዱ ሳቀ። አንዱ ሰማይ አየ። ሸንበቆ ተሸካሚው ለብቻው ሮጦ ባዶ ሜዳ ላይ ሸንበቆውን ተከለና አጠገቡ ቆመ። እማሆይ ሱባኤ ሲገቡ ቁልፉን ለማን እንደሚተዉ ከመካከላቸው የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም፤ ሄጄ ልጠይቅ ያለም የለም። ጥሩንባ ነፊው አምስት ጊዜ ነፍቶ ትንፋሽ አጥሮት ቁጭ አለ።

ዳኛው ቀልደኛውን ኮሌታውን ያዘው። «በር ሁን አልኩህ እንጂ ተናገር አልኩህ?»

«በር ከሆንኩማ አንዳንዴ መቆለፍ አለብኝ» አለ ቀልደኛው። «ሁልጊዜ የሚከፈትማ ቀዳዳ ነው።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው ግን አልሳቀም። የዚያን ቀን ልምምድ ሳይቆጠር ቀረ፣ እንዳልተደረገ ይቆጠር ተባለ። ቀልደኛውን ከበርነቱ ሻረውና በቦታው የግንድ ምሰሶ አስቆመ። ግንዱ ጨዋ ነው። ሱባኤ አያውቅ፣ ቁልፍ አያውቅ፣ «ክፈት» ሲሉት ዝም ይላል፣ እነሱም እሺ እንዳለ ቆጥረው ያልፋሉ። በማግሥቱ፣ የጎደለውን ለመሙላት ብሎ፣ ዳኛው ሁለት ቅርንጫፍ ሰካ። ቀልደኛውም ስቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ይህን ሳቅ ያዢልኝ፣ ኋላ እፈልገዋለሁ።

ከዚያ በኋላ አንድም ልምምድ አልከሸፈም። እንዴት ይክሸፍ? ወሬው ወረዳ ደርሶ አንድ ሹም በመኪና መጥቶ አየ። ጋቢው ሲቆም አጨበጨበ፣ ይህ እድር ለሌላው ምሳሌ ነው ብሎ ማኅተም ያለበት የምስክር ወረቀት ሰጠ። ዳኛው በመስታወት አስገጥሞ ከአልጋው ራስጌ ሰቀለው። ሹሙ ዕቃ ቤቱን ልየው አላለም። ዳኛውም ላሳይህ አላለም። ሰባት ወር አለፈ። በነዚያ ሰባት ወራት በመንደሩ ሰው አልሞተም፣ እግዜር ያሳይሽ፤ ሞት ራሱ ልምምዱን ፈርቶ ነው ብለው ዳኛውን የሚያሞጋግሱ አልታጡም።

በነሐሴ ግን ሰው ሞተ። የሞተውም አርባ ዓመት ሙሉ የመንደሩን መቃብር የቆፈረው ሽማግሌ ነው። አባቴን እሱ ቀበረ፣ እናቴንም እሱ ቀበረ። ክረምት ጭቃውን፣ በጋ ድንጋዩን ሳይል፣ ማንም ሳይጠራው ዶማውን ይዞ የሚመጣ ሰው ነበር። ስለዚህ እሱ ሲሞት የሱን መቃብር ማን እንደሚቆፍር ራሱ ግራ ገብቶን ቆመን ተያየን።

ሚስቱ አሮጊት ናት። ልጅ የላቸውም። ቤታቸው ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ምሰሶ አቅፎ የሚቆምባት ጎጆ ናት። የሷ ወንድሞች ቆላ ናቸው፤ ስታገባው «መቃብር ቆፋሪ አገባች» ብለው አርባ ዓመት ደጇን ያልረገጡ። አሁን ግን መታመሙን ሰምተው በዋዜማው ተነሥተዋል፣ እኩለ ቀን ላይ ይደርሳሉ። እሷም ለጎረቤቷ ያለቻት አንድ ነገር ነው። የሚበላ ቢያጥር ግድ የለኝም፣ ለቀስተኛው ግን የሚቀመጥበት አይጣ፤ ወንድሞቼ ሰው ተቀምጦ አይተው ባሌ ስንት ሰው እንደነበረው ይወቁ አለች። ሌላ የጠየቀችው የለም። ድንኳን ሙሉ ሰው፣ ሦስት ቀን። አርባ ዓመት ለቆፈረ ሰው ይህ ብዙ ነው?

ዳኛው ሲነገረው እጁን አፋተገ። ሰው ሞቶ እጁን አፋተገ፣ ትርሲት! ሠርግ የተጠራ ነው የሚመስለው። ጥሩንባ ነፊውን ላከው።

ዝናቡ እንደ ጉድ ይወርዳል። ጥሩንባው ተነፋ። አሥራ አራቱ ከየቤታቸው ተፈተለኩ፣ ጭቃ እስከ ጉልበት፣ እንዴት ያለ ሩጫ ነው! የት ሮጡ በዪኝ።

አውድማው ላይ።

ሰባት ወር እግራቸው የለመደው እሱን ነዋ። አመዱን ዝናቡ ካጠበው ሰንብቷል፤ የቀረው ግንዱ ብቻ ነው። አሥራ አራት ጠንካራ ሰዎች በዝናብ ግንድ ከበው ቆሙ። አንደኛው «ክፈት» አለው። እኔ በዓይኔ… ያ ቀልደኛ በዓይኑ አይቷል፣ ማለቴ ነው። ግንዱ እንደ ወትሮው አልከለከላቸውም። ግን የሚገቡበት ነገር አልነበረም።

ሁለተኛው ጥሩንባ ሲነፋ ደንግጠው ወደ ዕቃ ቤቱ ሽቅብ ሮጡ። እማሆይ ጥሩንባውን እንደሰሙ ወጥተው፣ ቁልፉን ከአንገታቸው አውርደው፣ ቆርቆሮው ጠርዝ ሥር ተጠልለው ይጠብቃሉ። አልተቆጡም። ቁልፉን ሰጡ። ቁልፉ ዞረ፣ በሩ ግን አልተነቃነቀም፤ በክረምት እርጥበት አብጦ ከመቃኑ ጋር አንድ ሆኗል። ገፉት። አራት ሆነው ገፉት፣ ስምንት ሆነው ገፉት፣ በመጨረሻ አሥራ አራቱም በትከሻቸው ሲሄዱበት መቃኑ ከነጭቃው ተነቅሎ ወደ ውስጥ ወደቀ።

«ወደ ራሳችሁ ነበር የሚከፈተው» አሉ እማሆይ።

በሩ የወደቀው በተደረደረው አግዳሚ ላይ ነው፤ አግዳሚው ድስቱ ላይ ተናደ። ድንኳኑ የት ነው? ከሁሉም ኋላ፣ ከሁሉም ሥር። በአውድማው ላይ እኮ ድንኳኑ ለብቻው ነበር፣ አመድ መካከል እንደ ንጉሥ ተቀምጦ። እዚህ ድስት እያነሡ፣ ወንበር እየወረወሩ፣ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ደረሱበት። ጎትተው ሲያወጡት ሽታው ቀድሟቸው ወጣ። ሁለቱ በጫፍና በጫፍ ይዘው ሲወጥሩት እንደ ረጠበ ወረቀት ከመካከሉ ተተረተረ፤ ከውስጡ የአይጥ ጎጆ ከነልጆቹ ዱብ አለ። ከጥቅምት እስከ ነሐሴ እርጥቡን ተጠቅልሎ ኖሯል፣ ምን ይሁን?

ዳኛው ወደ እማሆይ ዞሮ ለምን አልነገሩንም አላቸው። አፍ አለው እኮ!

«በመጀመሪያው ቀን ነገርኩህ» አሉት። «ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ መጥቶ ይክፈቱልኝ ያለኝ ሰው የለም። አመድ ላይ ስትሮጡ ከዚህ ሆኜ አያችሁ ነበር።»

ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ያፍራል። ዳኛው ግን ምን አደረገ? ጋቢውን አምጡ አለ። አመጡ። ለቅሶው ቤት ደጃፍ ላይ ተከሉት፤ ውሸት አልናገርም፣ እንዲያ ያለ ፍጥነት፣ እንዲያ ያለ ውጥረት በዕድሜዬ አላየሁም። አንድ ሸንበቆ አልተዛባም። ጋቢው ግን ጋቢ ነው። ዝናቡን ጠጣው፣ ጠጣው፣ ሆዱ እንደ ከበደች ላም ተንዘረጠጠ፣ ከዚያ የጠጣውን ሁሉ አንድ ላይ ለቀስተኛው ራስ ላይ ለቀቀው። ከሥሩ ከተቀመጡት ውስጥ ከቆላ የመጡት ወንድሞች ነበሩ። ዳኛው ይህን ሁሉ እያየ ወደ ጥሩንባ ነፊው ዞሮ ስንተኛው ነው ብሎ ጠየቀው። ገና ሦስተኛው አልተነፋም ነበር፤ በልምምዱ ሥርዓት ከሆነ አልፈዋል። ከአሥራ አራቱም አንዱ፣ ልማድ ሆኖበት፣ የወይራ ቅርንጫፍ ዘንጥፎ የሚሰካበት አጥር በዓይኑ ይፈልግ ነበር።

አሮጊቷ ከጎጆዋ ወጣች። የረጠቡትን ወንድሞቿን አየች። ከበሩ አጠገብ የተጣለውን የበሰበሰ ድንኳን አየች። አጥር ላይ ዓይኑን የተከለውን ሰውዬና በእጁ ያለውን ቅርንጫፍ አየች። አላለቀሰችም፣ አልጮኸችም።

«አያ ዳኛ፣ እዚያ አውድማው ላይ ስትለማመዱ የሚሞተው ማን ነበር?» አለችው።

ዳኛው ማንም አለ። ልምምድ ነው፣ ማንም አይሞትም አለ።

«ለዚያ ነዋ ድንኳኑ የሚቆመው» ብላ ተመልሳ ገባች።

ሐዘን ሦስት ቀን ይቀመጣል። የዚያ ሰው ለቅሶ ግማሽ ቀን ሆነ። የሚቀመጥበት የለማ! ሰው ቆሞ ረጠበ፣ ቆሞ እግዜር ያጥናሽ አለ፣ ተበተነ። የቆላዎቹ ወንድሞች ከቀብር መልስ፣ ፀሐይ ገና ሳታዘቀዝቅ፣ መንገዱ ይሞላብናል ብለው ተነሡ። የሄዱት አርባ ዓመት ሲያስቡት የነበረውን ይዘው ነው፤ ሰው የሌለው ሰው አግብታ ነበር ብለው። ደሜ የሚፈላው እዚህ ላይ ነው። ሰው ነበረው! መንደሩ ሁሉ የሱ ነበር፣ በዝናብ ቆሞ ነበር፣ አልቅሶለትም ነበር። የጠፋው መቀመጫ ነው። መቀመጫው ደግሞ በሰባት ወር ውስጥ በአንድ የፀሐይ ቀን የሚድን ነበር።

እንግዲህ ወዳንቺ ልምጣ።

ቅድም ምሳ ስንበላ ጥቂት ነገር ጠይቄሽ ነበር፣ እንደ ቀልድ። የውሸት ዲስክሽ ሞልቶ «ቦታ የለኝም» ብሎሽ ያውቃል ወይ አልኩሽ። አይሞላም አልሽ። ግማሹን ጽፎ መብራት ቢጠፋበትስ አልኩሽ። መብራት አይጠፋበትም አልሽ። ሁለት ነርሶች የአንድ ሕፃን ካርድ ባንድ ጊዜ ቢከፍቱስ? ሁልጊዜ አንድ ናት አልሽ። ይህን ፋይል እንድትነኪ አልተፈቀደልሽም ብሎሽስ? አይልም አልሽ፣ ሳቅሽም። ይህን ሁሉ ጨዋነት ማን አስተማረው ስልሽ ግን ሳቁ ቀረ። «እኔ» አልሽ፣ እንጀራሽን እያየሽ።

ዳኛው አንቺ ነሽ፣ የእኅቴ ልጅ። አትቀየሚኝ። አመዱን የበተንሽው አንቺ ነሽ፣ በሩንም እሺ ማለት ያስተማርሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ ሄደሽ «ክፈት» ትዪዋለሽ፣ ያስተማርሽውን መልሶ ይነግርሻል፣ አንቺም ቅርንጫፍ ትሰኪያለሽ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ቅርንጫፍ! የፈተንሽው ፕሮግራምሽን መስሎሻል። ስለ ዲስክ ያለሽን ሐሳብ ራስሽን ጠይቀሽ ራስሽ መለስሽ። ዲስኩ አልተጠየቀም። እዚያ ጤና ጣቢያ፣ መስኮቱ ሥር፣ አንድ እግሩ አጥሮ ካርቶን የተደረገለት ጠረጴዛ ላይ፣ አቧራ ለብሶ ተቀምጧል፤ እንደ እማሆይ፣ ቁልፉን ይዞ። መጥቶ ክፈትልኝ ያለው የለም። ሰኞ ታስረክቢያለሽ፣ ማክሰኞ አንዲት እናት ግማሽ ቀን ተጉዛ ልጇን አዝላ ትመጣለች፣ ነርሷ ካርዱን ትጠራለች፣ ስሙ አለ፣ የተከተበው ግን ባዶ ነው፤ ትናንት ሲጻፍ መብራት ሄዷል። ነርሷ ምን ታድርግ? ትድገመው ወይስ ትተወው? ያቺ እናት ደግሞ «ስትለማመዱ የሚታመመው ማን ነበር?» ብላ የምትጠይቅ አይደለችም። ዝም ብላ ትሄዳለች። ዝም ብላ መሄዷ ነው የሚያናድደኝ።

ልምምድ ክፉ ነው አላልኩሽም። እነዚያ አሥራ አራቱ ከአውድማው የተማሩት እግር እውነተኛ እግር ነበር፤ ድንኳን ቢኖር ኖሮ በሁለት ጥሩንባ ባቆሙት። የውሸት ዲስክሽን አታፍርሺው። ግን እምቢ ማለት አስተምሪው። እምቢታውንም ከራስሽ አታፍልቂለት፣ እንደገና የራስሽን ሐሳብ ታስተምሪዋለሽና። ነገ ጤና ጣቢያው ሂጂ፣ እዚያች አቧራ የለበሰች ማሽን ላይ ፕሮግራምሽን ጫኚ፣ እስክትሞላ ሙያት፣ እየጻፈች ሳለ ሶኬቱን ንቀይባት፣ በሯ ወዴት እንደሚከፈት እይ። ስትቆጣ ምን እንደምትል ጻፊና መጥተሽ ለውሸቱ አስተምሪው። ቅርንጫፉ ይርገፍ። ከአራት መቶው ሁለት መቶው ቢረግፍም አለቃሽን ሰኞ አይሆንም በዪው። ያኔ የምትሰኪው አንድ ቅርንጫፍ ከዚያ ሁሉ አጥር ይበልጣል።

ያዢልኝ ያልኩሽን ሳቅ አሁን ስጪኝ።

ያ ቀልደኛ «ቁልፉ የለም» ባለ ጊዜ፣ በዚያ መንደር በዚያ ዓመት ከተደረገው ልምምድ ሁሉ እውነተኛው ያ ብቻ ነበር። ዳኛው አልተደረገም አለው፣ እሺ፣ ዳኛው ዳኛ ነው። ቀልደኛውስ? እማሆይ ድንኳኑ እርጥብ ነው ሲሉ ሰምቷል፤ ከአሥራ አራቱ ኋላ ኋላ ለወሬ ተከትሎ ሄዶ ነበር። ያውቃል። ሄዶ በሩን ማስከፈት ይችል ነበር፣ ድንኳኑን ለብቻው ጎትቶ አጥር ላይ ማስጣት ይችል ነበር። ስቆ ወደ ቤቱ ሄደ። ለሰባት ወር ያቺን ቀልዱን በየቤቱ ሲያወራ ከረመ፣ ሰውም ሳቀለት። በነሐሴ ዝናብ ከጋቢው ሥር ቆሞ ሲረጥብ አሮጊቷ ወጥታ ስትጠይቅ፣ ዓይኗ ከዳኛው በፊት ያረፈው እሱ ላይ ነበር። አባቴን የቀበረልኝ… አባቱን የቀበረለት ሰው ሚስት ናት። ይኸው እስከ ዛሬ በደጇ ሲያልፍ መንገድ ይቀይራል፣ ጥርሱ የጎደለ ሽማግሌ ሆኖም።

ስለዚህ እኔን ምን ቀረኝ ብለሽ አትጠይቂኝ። ጥሩ ነው፣ በርቺ የሚልሽ ከፈለግሽ ሩቅ አትሂጂ። ያ ግንድ ዛሬም አውድማው ላይ ቆሟል፤ ምስጥ እንኳ አልነካውም። ውረጂና ክፈት በዪው። አንድም ቀን እምቢ ብሎ አያውቅም።